ልሙጡ ፊደል ከየት መጣ?

ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን «ጄፒ» የምንለው ሰፈር አለ። ዋናው መንገድ ዛሬ በይፋ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው፤ በ1956 የደቡብ አፍሪካ ሴቶች የአፓርታይድን የይለፍ ወረቀት ተቃውመው ፕሪቶሪያ ላይ ሲሰለፉ ከመሩት አራት ሴቶች አንዷ ናት። ለሐበሻው ግን ጄፒ ጄፒ ነው። ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረው የሜዲካል አርትስ ሕንፃ ዛሬ ከታች እስከ ላይ በትናንሽ ሱቆች ተሞልቷል። ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ ጫማው፣ የሕፃናት ልብሱ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል፤ ደረጃውን ሲወጡ የሚቆላ ቡና ሽታ ይቀበላል።

በዚህ ሰፈር ሳልፍ ቀና ብዬ ታፔላ ማንበብ ልማዴ ነው። ቋንቋው ብዙ ነው፣ ቀለሙም ብዙ ነው፤ የፊደሉ መልክ ግን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የባንኩ ስም፣ የታክሲ ተራው ምልክት፣ የፋርማሲው ታፔላ፣ በመስኮት ላይ የተለጠፈው የቅናሽ ዋጋ፣ ሁሉም ውፍረቱ እኩል በሆነ፣ ጫፉ ላይ ምንም ጌጥ በሌለው ፊደል የተጻፈ ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክም የሚያናግረን በዚሁ ፊደል ነው። የሙያው ሰዎች «ሳንስ ሰሪፍ» ይሉታል፤ «ሰሪፍ የሌለው» ማለት ነው። እኔ እዚህ ልሙጥ ፊደል እለዋለሁ።

ልሙጡ ፊደል ሲታይ ምንም ታሪክ ያለው አይመስልም፤ ቀላልና የተለመደ ስለሆነ ድሮም የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ማተሚያ ቤት ከገባ ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፈው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ «ግብፃዊ» ተባለ፣ ቆይቶም «አስቀያሚ» የሚል ስም ወጣለት። ይህ ጽሑፍ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደተፈለገ፣ የጆሃንስበርግን ግድግዳ እንዴት እንደያዘና የእኛ ፊደል በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንደሚቆም ያስረዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሪፍ ምንድን ነው?

የእንግሊዝኛውን ትልቁን «አይ» አስቡት፤ የቆመ ዘንግ ነው። በድሮ መጻሕፍት ላይ ግን ዘንጉ ብቻውን አይቆምም፤ ከላይም ከታችም አጭር አግድም ጭረት አለው፤ ልክ ምሰሶ መሬት ላይ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ እንዳለው። ያቺ የጫፍ ጭረት ናት ሰሪፍ የምትባለው። ቃሉ የመጣው መስመር ወይም ጭረት የሚል ትርጉም ካለው የደች ቃል እንደሆነ ይታሰባል፤ ደች ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዛሬ የሚነገረው አፍሪካንስ የወጣበት ቋንቋ ነው።

ጭረቷ ከየት መጣች? ብዙ ጊዜ ምሳሌ የሚደረገው ሮም ከተማ የሚገኘውና በ113 ዓ.ም. የተመረቀው የትራያን ዓምድ ነው። ከግርጌው የተቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የላቲን ትልልቅ ፊደላት ሁሉ አባት ተደርጎ ይታያል። ለረጅም ጊዜ ሰሪፏን የፈጠረው ድንጋይ ጠራቢው፣ የመሮውን ጫፍ ሲያጸዳ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ኤድዋርድ ካቲች የሚባሉ አሜሪካዊ ቄስ ግን ሌላ ነገር አዩ። ካቲች ከቅስናው በፊት ቺካጎ ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ፤ ብሩሽ ያውቃሉ። በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ጽሑፉ መጀመሪያ በጠፍጣፋ ብሩሽ ድንጋዩ ላይ ተቀብቶ ከዚያ በኋላ እንደተፈለፈለ፣ ሰሪፏም ብሩሹ ሲያርፍና ሲነሳ ከሚያደርገው መታጠፍ እንደተወለደች ተከራከሩ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር እንያዝ። የፊደል መልክ የሚወጣው ከመሣሪያውና ከእጁ ነው። ብሩሽ አንድ መልክ ይሰጣል፣ መቃ ሌላ መልክ ይሰጣል፣ መሮ ሌላ። የፊደል ጌጥ የምንለው ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ዱካ ነው።

ከማተሚያ ቤት በፊት

ሰሪፍ የሌለው ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት ግሪኮች ድንጋይ ላይ የጻፉት ውፍረቱ እኩል በሆነ ቀጭን መስመር ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን በፊት የነበሩ ሮማውያንም እንዲሁ። ከዚያ ሰሪፉ መጣና ይህ ልሙጥ አጻጻፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ከፊት ዞር አለ።

የተመለሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓውያን ጥንታዊውን ዓለም እንደገና መቆፈርና ማድነቅ ሲጀምሩ ነው። እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆን ሶን በንድፎቹ ላይ ልሙጥ ትልልቅ ፊደላትን ይጠቀም ነበር። ያን ጊዜ ሰዎች ጥንታዊነትን የሚያዩት በቀላልነት ውስጥ ነው፤ ጌጡ ሲቀነስ ወደ መነሻው የቀረቡ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ዛሬ የዘመናዊነት ምልክት የሆነው ፊደል ያኔ የተመረጠው ጥንታዊ ይመስላል ተብሎ ነው።

ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ዘመተ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ አገርም ፈረንሳይ አገርም የግብፅ ነገር ፋሽን ሆነ፤ የቤት ዕቃው፣ ልብሱ፣ የሱቁ በር ሁሉ በግብፅ አምሳል ይሠራ ጀመር። የለንደን ታፔላ ጸሐፊዎችም ውፍረቱ እኩል የሆነውን ልሙጥ ፊደል «ግብፃዊ» አሉት። ገጣሚው ሮበርት ሳውዚ በ1807 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ራሱን ስፔናዊ መንገደኛ አስመስሎ፣ የለንደን የሱቅ ሰሌዳዎች ሳይቀሩ በግብፅ ፊደል እየተጻፉ እንደሆነ ታዝቧል። ፊደሉ ከግብፅ የመጣ አይደለም፤ ስሙን የሰጠው የወቅቱ ፋሽን ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ ማለት ያለብን፣ ልሙጡን ፊደል ከማተሚያ ቤቶች ቀድሞ ይዞ የተገኘው ታፔላ ጸሐፊው መሆኑን ነው።

አንዲት መስመር በ1816

ከዚያ ፊደሉ በእርሳስ ተቀረጸ። በ1816 ገደማ ዊልያም ካዝሎን አራተኛው የተባለ ለንደናዊ ፊደል ቀራጭ፣ ከታወቀ የፊደል ቀራጮች ቤተሰብ የተወለደ፣ ባሳተመው የናሙና መጽሐፍ ውስጥ አንዲት መስመር አስገባ። መስመሯ የራሱን ስምና ሙያ የምትናገር ናት፤ በትልልቅ ፊደላት ብቻ፣ በአንድ መጠን ብቻ የተቀረጸች። ትናንሽ ፊደላት አልነበሯትም። ለላቲን ጽሑፍ በእርሳስ ተቀርጾ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው ልሙጥ ፊደል ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። ካዝሎንም እንደ ታፔላ ጸሐፊዎቹ «ግብፃዊ» ብሎታል።

ገበያው ግን ዝም አለ። ካዝሎን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1819፣ ፊደል መቅረጫውን ሼፊልድ ከተማ ላለ ድርጅት ሸጠ። ፊደሉ ወደ ሥራ ለመግባት ወደ 15 ዓመት ያህል ጠበቀ።

ለምን እንደቆየ ለመረዳት የዘመኑን መጽሐፍ መክፈት በቂ ነው። የዚያን ጊዜ ምርጥ የሚባሉት የጣሊያኑ ቦዶኒና የፈረንሳዩ ዲዶ ፊደላት ነበሩ። ቁመታቸው ወፍራም ነው፣ አግድማቸውና ሰሪፋቸው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በጥሩ ወረቀት ላይ፣ በጥሩ ቀለም፣ በክንድ ርቀት ሲነበቡ ያምራሉ። እንዲህ ያለውን የለመደ ዓይን የካዝሎንን መስመር ያልተጠናቀቀ ሥራ አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም።

ግድግዳው ሲናገር

ነገሩን የቀየረው ጎዳናው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ግድግዳዎች በማስታወቂያ ተሸፈኑ፤ ሎተሪ፣ ቲያትር፣ መድኃኒት፣ የመርከብ ጉዞ፣ በኋላም ባቡር። መጽሐፍ በእጅ ይያዛል፣ አንባቢውም ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ግን አንባቢውን ከሚያልፍበት መያዝ አለበት። ያ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከመንገድ ማዶ ሲታይ ይጠፋል፤ ርካሽ ወረቀት ላይ በርካሽ ቀለም ሲታተም ደግሞ ይሰበራል።

ስለዚህ ፊደል ቀራጮች ይፎካከሩ ጀመር። አንዱ ቁመቱን አለልክ አወፈረው፤ ሌላው ሰሪፉን እንደ ጡብ አደረገው። በ1827 ደግሞ ዳርየስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ በማሽን የሚፈለፈል የእንጨት ፊደል ይዞ መጣ፤ እርሳስ ለትልቅ ፊደል ከባድም ውድም ስለነበር፣ እንጨቱ ፊደሉን በጣም ለማሳደግ አስቻለ። በዚህ ሩጫ ውስጥ ነው ልሙጡ ፊደል ቦታውን ያገኘው። ቀጭን ክፍል የለውም፤ ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ የሚጠፋ ነገር የለውም። ቢጨመቅም ቢሰፋም ይችላል፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ቀለም ይይዛል።

በ1832 ለንደናዊው ቪንሰንት ፊጊንስ ተመሳሳይ ፊደል ለገበያ ሲያቀርብ «ሳንስ ሰሪፍ» አለው፤ ዓለም እስከ ዛሬ የያዘው ይህንን ስም ነው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ተፎካካሪው ዊልያም ቶሮጉድ ትናንሽ ፊደላትን ጨምሮ አወጣና «ግሮቴስክ» ብሎ ጠራው። ግሮቴስክ ሥሩ ዋሻ የሚል የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ በዘመኑ እንግሊዝኛ ግን ቅርጸ ቢስና አስቀያሚ ማለት ነበር። ጀርመኖች ስሙን እንዳለ ወሰዱት፤ ዛሬም ልሙጥ ፊደልን «ግሮቴስክ» ይሉታል፣ ስድብነቱን ግን ማንም አያስታውሰውም። አሜሪካኖች ደግሞ «ጎቲክ» አሉት። ግብፃዊ፣ ግሮቴስክ፣ ጎቲክ፤ ሦስቱም ስሞች ፊደሉ ለተመልካቹ ዓይን እንግዳ እንደነበር ይመሰክራሉ።

በጣት የሚነበብ

በዚያው ዘመን ልሙጡ ፊደል ከማስታወቂያ የራቀ ሌላ አገልግሎትም ሰጥቷል። የብሬል ጽሑፍ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ፣ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ የሚዘጋጀው ተራውን ፊደል ከወረቀቱ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ በማድረግ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎ ከተማ፣ ጆን አልስተን የተባለ ሰው ለዚህ ሥራ የመረጠው ልሙጥ ትልልቅ ፊደላትን ነው፤ በ1840ም ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ መልክ አትሞ ጨረሰ። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ጣት ሰሪፍ ላይ ሲደርስ ይደናገራል፤ ጭረቷ የፊደሉ አካል ትሁን ጌጥ መለየት አይችልም። ልሙጡ ፊደል ግን ለጣቱ ዋናውን ቅርጽ ብቻ ይሰጠዋል። ለዓይነ ስውራን የተሻለው መንገድ ብሬል እንደሆነ በኋላ ታወቀ፤ የአልስተን ሥራ ግን ሰሪፍ ሲነሳ ምን እንደሚቀር በተግባር አሳየ።

ከወርቁ ከተማ ጋር

ጆሃንስበርግ የተቆረቆረችው በ1886፣ ዊትዋተርስራንድ ላይ ወርቅ ሲገኝ ነው። አስቡት፤ አክሱም፣ ሮም፣ ለንደን ከታተመው ልሙጥ ፊደል በብዙ ዘመን የቀደሙ ከተሞች ናቸው። ጆሃንስበርግ ግን ስትወለድ ልሙጡ ፊደል በማተሚያ ቤቶች ግማሽ ክፍለ ዘመን ቆይቷል። ከተማዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ በ1898፣ በርሊን የሚገኘው የበርትሆልድ ፊደል መቅረጫ «አክሲደንስ ግሮቴስክ» የተባለውን ፊደል አወጣ። ስሙ የሚያመለክተው ለትኬት፣ ለቅጽና ለንግድ ወረቀት የሚሆን የዕለት ተዕለት ሕትመት ነው። ቀራጮቹ ታላቅ ሥራ እየሠሩ እንደሆነ አልተናገሩም፤ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልሙጥ ፊደላት ብዙዎቹ ወደዚህ ይመለሳሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ፈጣን ነው። በ1916 የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኤድዋርድ ጆንስተን የነደፈውን ልሙጥ ፊደል ሥራ ላይ አዋለ። ጆንስተን የብዕር ጽሕፈት መምህር ነበርና፣ የጥንቱን የሮማ ፊደል ልክና ሚዛን ጠብቆ ሰሪፉን ብቻ አነሳ። ጀርመን ውስጥ ፓውል ሬነር በ1927 ከክብና ከቀጥታ መስመር የተገነባውን «ፉቱራ» አወጣ፤ እንግሊዝ ውስጥ የጆንስተን ተማሪ ኤሪክ ጊል በ1928 በስሙ የሚጠራውን ፊደል አስከተለ። በ1957 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ሚዲንገር፣ በሐስ ፊደል መቅረጫ ኃላፊ በኤድዋርድ ሆፍማን መሪነት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «ሄልቬቲካ» የተባለውን ነደፈ። በ1982 የተሠራው «ኤሪያል» ኮምፒውተር ውስጥ ተካቶ ስለመጣ፣ ዛሬ ብዙ የሱቅ ታፔላ የእነዚህ የሁለቱ ዘር ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአንዲት የደቡብ አፍሪካ ልጅ ስም አለ። ማርጋሬት ካልቨርት በ1936 ደርባን ከተማ ተወለደች፤ በ1950 ወደ እንግሊዝ ሄደች። እዚያ ከመምህሯ ከጆክ ኪኒር ጋር የብሪታንያን የመንገድ ምልክቶች በሙሉ እንደ አዲስ ሠራች፤ «ትራንስፖርት» የተባለውን ልሙጥ ፊደልም ነደፉለት። ዋናው ለውጣቸው የከተሞችን ስም ሁሉንም በትልልቅ ፊደላት ከመጻፍ ይልቅ በትልቅ ጀምሮ በትናንሽ መቀጠል ነበር። ሐሳባቸው በፍጥነት የሚነዳ ሰው ፊደል አይቆጥርም፣ የቃሉን ቅርጽ ነው የሚያውቀው የሚል ነበር። ትናንሽ ፊደላት ከፍ ዝቅ ስለሚሉ ለእያንዳንዱ ቃል የራሱን መልክ ይሰጡታል።

አንድ ፊደል፣ ሁለት አገልግሎት

ስለ ጆሃንስበርግ ፊደላት ሲወራ አንድ መራራ ነገር መዝለል አይገባም። በ1953 የወጣው ሕግ ሕዝባዊ ቦታዎችን በዘር ከፋፈለ፤ አግዳሚ ወንበሩን፣ የባቡር ጣቢያውን በር፣ መጸዳጃ ቤቱን። ሕጉ እስከ 1990 ቆየ። ሕጉን ወደ ጎዳና ያወረደው ደግሞ ታፔላ ነው። «ለነጮች ብቻ» የሚሉት ሰሌዳዎች በእንግሊዝኛና በአፍሪካንስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በልሙጥ ትልልቅ ፊደላት ይጻፉ ነበር። ከሩቅ እንዲታዩ፣ ማንም አላየሁም እንዳይል። ዛሬ አንዳንዶቹ በከተማዋ የአፓርታይድ ሙዚየም ይታያሉ። ፊደል ከሩቅ እንዲነበብ ማድረግ ትልቅ ጥበብ ነው፤ የሚነበበው ቃል ጽድቅ ይሁን ግፍ የሚወስነው ግን የጻፈው ሰው ነው።

ለዚህ መልስ የሚመስለኝን ጽሑፍ ያገኘሁት ከጄፒ ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንስቲቲዩሽን ሂል ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ ማህተመ ጋንዲም ኔልሰን ማንዴላም የታሰሩበት እስር ቤት ነበር፤ የጥቁር እስረኞቹ ክፍል «ቁጥር አራት» ይባላል። እስር ቤቱ በ1983 ተዘጋ። ነጻነት ሲመጣ አገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷን እዚያው ላይ ለመሥራት ወሰነች፤ በ2004 ተመረቀ። ከፈረሰው የእስር ቤቱ ክፍል የወጣው ጡብ በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ እንደገና ተገነባ። በሕገ መንግሥቱ የተዘረዘሩት 27 መብቶችም በእንጨት በሩ ላይ ተቀርጸዋል።

ለፍርድ ቤቱ ፊደል የነደፈው የደርባኑ ጋርት ዎከር ነው። ዎከር ከአውሮፓ የመጣ ዝግጁ ፊደል አልመረጠም፤ ከእስር ቤቱ ግድግዳዎች፣ እስረኞች ከጫሩትና ከቆዩ የእስር ቤት ጽሑፎች ተነስቶ አዲስ ልሙጥ ፊደል ሠራ። የፍርድ ቤቱ ስም በዚሁ ፊደል በ11 የአገሪቱ ቋንቋዎች ፊት ለፊት ተጽፏል። ቀረብ ብሎ ላየው ፊደሉ እንደ ሄልቬቲካ የተላጨ አይደለም። የጫረው እጅ ይታያል። እስረኛ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሲጭር ሰሪፍ ለመሥራት ጊዜም መሣሪያም የለውም፤ የሚጽፈው ለመነበብ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ልሙጥ ፊደል ከሁሉ በላይ ትርጉም ያገኘበት ቦታ ጥራ ብባል ይህንን እጠራለሁ።

የእኛስ ፊደል?

ከፍርድ ቤቱ ተመልሰን ጄፒ እንግባ። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ የእንግሊዝኛው ስም በወፍራም ልሙጥ ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ የአማርኛው ስም ቀጥኖ፣ አንሶ፣ እንደ ግርጌ ማስታወሻ ተቀምጧል። ችግሩ ጸሐፊው አማርኛን መናቁ አይደለም፤ እንግሊዝኛው ለታፔላ የተሠራ ፊደል አለው፣ ለአማርኛው የተመረጠው ግን ለመጽሐፍ ገጽ የተሠራ ፊደል ነው። ለመሆኑ የግዕዝ ፊደል ሰሪፍ አለው?

ከመነሻው እንጀምር። የግዕዝ ፊደል ከደቡብ ዓረብ፣ በተለምዶ የሳባ ከሚባለው ጽሕፈት የተወለደ ነው። ትግራይ ውስጥ የምትገኘውን የየሐን የጥንት ጽሑፎች ያየ ሰው፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነና በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ መስመሮችን ያገኛል። «ዐ» ክብ ነው፤ «ወ» መሀሉ ላይ የቆመ መስመር ያለው ክብ ነው፤ «ተ» ሁለት የተሻገሩ መስመሮች ናቸው። ከጊዜ በኋላ ድንጋይ ጠራቢዎች የመስመሩን ጫፎች ማስፋትና ማስጌጥ ጀመሩ። እኛም እንደ ሮማውያኑ ከልሙጥ ነው የተነሳነው።

መልኩን የቀየረው ብራናው ነው። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸው የታወቀ፣ ከዓለም ጥንታዊ የክርስቲያን መጻሕፍት መካከል ናቸው። ቁም ጸሐፊው የተቀረጸ መቃውን ቀለም ውስጥ ነክሮ ሲጽፍ ቁመቱ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ይሆናል። የ«ለ» እግሮች ወደ ታች ሲወርዱ ጫፋቸው አገደም ብሎ ይቆረጣል። ያ ነው የእኛ ፊደል ዱካ። በላቲኑ መንገድ የተለጠፈ ጭረት አይደለም፤ በወፍራምና በቀጭን መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ ለግዕዝ ልሙጥ ፊደል መሥራት ማለት ጫፍ መቁረጥ አይደለም፤ ውፍረቱን ማስተካከል ነው።

ወደ ሕትመት የገባነው ቀድመን ነው። የመጀመሪያው በግዕዝ የታተመ መጽሐፍ በ1513 ሮም ውስጥ የታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ፊደሉን የተማረው እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ያኔም፣ በ1914 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋምም፣ የእርሳስ ፊደሉ የብራናውን መልክ ይዞ ነው የሄደው። ፊደል ለቃሚው ከሳጥን እየለቀመ የሚደረድረው ቁም ጽሕፈትን በእርሳስ ነበር። ሰባት መልክ ያላቸውን ፊደሎች ሁሉ በእርሳስ ማስቀረጽ ውድ ነውና ማተሚያ ቤት ብዙ ዓይነት ፊደል ሊኖረው አይችልም ነበር። ለንደን በ1830ዎቹ ያገኘችውን የታፔላ ፊደል ምርጫ እኛ ያገኘነው ከኮምፒውተር ጋር ነው ማለት ይቻላል።

የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ማይክሮሶፍት በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው «ኒያላ» የመቃውን ወፍራምና ቀጭን ጠብቆ የያዘ ነው። ጉግል የሚያድለው «ኖቶ» ግን በሁለት መልክ መጥቷል፤ አንዱ ባለ ሰሪፍ፣ ሌላው ልሙጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይህ ጽሑፍ የተናገረውን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳያል።

ለታፔላ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ልሙጥ ፊደል ለግዕዝ ሲሠራ አንድ አደጋ አለው። የእኛ ፊደል ትርጉሙን የሚለውጠው በትንንሽ ምልክት ነው። «ቡ» ምልክቷ በቀኝ እግሯ መሀል ላይ ናት፤ «ቢ» ከግርጌ ናት፤ «ቤ» ደግሞ ከግርጌ ትንሽ ቀለበት አላት። ፊደሉ አለልክ ሲወፍር ቀለበቷ ትሞላለች፤ ያን ጊዜ «ቤት» የነበረው «ቢት» ይሆናል። የላቲኑ ልሙጥ ፊደል ሰሪፉን ቢጥል ቃሉ አይለወጥም። እኛ ግን ምልክቷን ከጣልን ቃሉን ጣልን።

ለዚህ ነው ፊደል ሲወፍር ቀለበቱም እግሩም አብሮ መስፋት ያለበት። ኮምፒውተር ላይ ወፍራም መልክ ያልተሠራለትን ቀጭን ፊደል መርጦ «ወፍራም» የሚለውን መጫን ይህንን አያደርግም፤ መስመሩን ያሳብጠዋል እንጂ ውስጡን አይከፍተውም። ፊደሉን ወደ ጎን መጎተትም ቁመቱንና አግድሙን ያዛባል። ከመጀመሪያው ወፍራም ሆኖ የተነደፈ ፊደል መምረጥ ነው መፍትሔው። ስቲከር የሚቆርጡ ወንድሞችም ይህንን በእጃቸው ያውቁታል፤ ቀጭን መስመር ያለው ፊደል ሲላጥ አብሮ ይነሳል፣ ልሙጡ ግን ቦታው ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ጆሃንስበርግም ሆነ አዲስ አበባ ታፔላ ልታሠሩ የተነሳችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ስሙን በወረቀት አሳትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ስሙን የማያውቅ ሰው ጥሩና እንዲያነበው ጠይቁት። አማርኛውንም ከእንግሊዝኛው እኩል አወፍሩት፤ ከሥሩ ደብቃችሁ አታስቀምጡት። ልሙጡ ፊደል ከለንደን ጎዳና እስከ ቁጥር አራት ግድግዳ የተፈለገው ከሩቅ ላለው ሰው ቃሉ እንዲደርስ ነው። የእኛም ቃል እንዲደርስ፣ ፊደሉን የምንመርጠው አምሮብን ብቻ ሳይሆን ተነቦልን ይሁን።